የአጥንት ፍላጭ ማን ነው?

በአገራችን ሰው የቅርብ ዘመዱን ሲጠራ «የአጥንቴ ፍላጭ፥ የሥጋዬ ቁራጭ» ይላል። ይህ አነጋገር ለማቆላመጥ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አባቶቻችን ትውልድን የሚቆጥሩት በአጥንት ነበር፤ ርስት የሚካፈለውም ሆነ በሙግት አደባባይ ቆሞ «የአባቴ ድርሻ ይገባኛል» የሚለው ሰው አስቀድሞ አጥንቱን መቁጠር ነበረበት። ጋብቻ ሲታሰብም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሁለቱ ወጣቶች በሰባት ቤት ውስጥ የሚገናኙ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀራል። እንግዲህ በቋንቋችን አጥንት ማለት ዘመድ ማለት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬ የምጽፍበት ነገር ይህን የቆየ ሒሳብ የሚያናጋ ነው። በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ለሕመምተኛ መድኃኒት ሆኖ ሲፈለግ፥ ሐኪሞች መጀመሪያ «ወንድም ወይም እኅት አለህን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍለጋው የሚያልቀው ሕመምተኛው ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው ሰው ዘንድ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይመጣል። ውለታ ለሌለብኝ፥ ፊቱን ላላየሁት፥ አገሩን እንኳ ለማላውቀው ሰው ከአጥንቴ ውስጥ የሚቀዳውን ልሰጥ ይገባኛልን?

ጥያቄውን ያቀረበልኝ አንድ ተማሪ ነው። አምስት ኪሎ፥ ከምሕንድስናው ትምህርት ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ሻይ ቤት ማታ ማታ ከወጣቶች ጋር መቀመጥ እወዳለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ከመጻሕፍት ይልቅ እነሱ ያነቁኛል። በዚያ ሰሞን በደም ካንሰር ለታመመች ለአንዲት የሰፈር ልጅ ወደ ህንድ አገር ሄዳ እንድትታከም ገንዘብ ይዋጣ ነበርና ስለ እርሷ ስንነጋገር፥ «ጋሼ፥ ለወንድሜ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጣለሁ፤ ለማላውቀው ሰው ግን ምን ዕዳ አለብኝ? ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ከአመዱ ይባል የለም?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ልጁ የተናገረው ክፋት ሳይሆን ሁላችን ስንኖርበት የቆየነውን ሕግ ነውና። በቂ መልስ ለመስጠትም አንድ ማታ አልበቃኝም፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ትራፊ ነው።

ነገሩን ሳያውቁ ስለ ደግነት መስበክ ከንቱ ድካም ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ የነገሩን ሥራ እንደ ችሎታዬ ላስረዳ።

በትላልቆቹ አጥንቶች ውስጥ፥ ይልቁንም በዳሌ አጥንት ውስጥ፥ ለስላሳ የሆነ መቅኔ አለ። በዚህ መቅኔ ውስጥ ሐኪሞች ስቴም ሴል የሚሏቸው፥ እኔ ግን የደም እናቶች ብዬ ብጠራቸው የምመርጣቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። ቀዩን የደም ሕዋስ፥ ከበሽታ የሚከላከለውን ነጩን፥ ደም የሚያረጉትንም ቅንጣቶች ሌሊትና ቀን የሚወልዱ እነሱ ናቸው። የደም ካንሰር በያዘው ወይም መቅኔው ሥራውን ባቆመበት ሰው ዘንድ እነዚህ እናቶች ተበላሽተዋል ወይም አልቀዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በብርቱ መድኃኒት፥ አንዳንድ ጊዜም በጨረር፥ የታመመውን መቅኔ ካጠፋ በኋላ፥ ከጤነኛ ሰው የተወሰዱትን የደም እናቶች ልክ ደም እንደሚሰጥ ሁሉ በደም ሥር ያፈስለታል። እነሱም መሪ ሳያስፈልጋቸው ወደ አጥንቱ ገብተው ይሰፍራሉ፤ ነገሩ የተሳካ እንደ ሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ደም መውለድ ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ የሕመምተኛው የደም ዓይነት እንኳ ተለውጦ የሰጪውን ዓይነት ይሆናል፤ ኦ የነበረው ኤ ይሆናል። ተቀባይዋ ሴት፥ ሰጪው ወንድ ቢሆን፥ በደሟ ውስጥ የወንድ ክሮሞሶም ይገኛል። የጥንቶቹ አጥንት ቆጣሪዎች ይህን ቢሰሙ ለሙግታቸው ምን ዓይነት መዘዝ በሆነባቸው ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ።

ታዲያ መቅኔ ያለው ሰው ሁሉ ለምን አይሰጥም? ችግሩ መመሳሰሉ ላይ ነው። የእያንዳንዳችን ሕዋስ የማንነቱን ምልክት በላዩ ላይ ተሸክሞ ይኖራል፤ ሐኪሞች ይህን ምልክት ኤች ኤል ኤ ይሉታል። የመጀመሪያውን ምልክት ያገኘው ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ዶሴ ነው፤ ጊዜው 1958 ነበር፤ ስለዚህም ሥራ በ1980 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ምልክቶቹ የተጻፉት በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ከአባታችን አንድ ገጽ፥ ከእናታችን አንድ ገጽ እንወርሳለን። አባትም ሁለት ገጽ፥ እናትም ሁለት ገጽ ስላላቸው፥ ሁለት ወንድማማቾች ሁለቱንም ገጽ አንድ ዓይነት አድርገው የመውረስ ዕድላቸው ከ4 አንድ ብቻ ነው። አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ላለው ሰው፥ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የመግጠሙ ዕድል ከመቶ 44 ነው፤ ሦስት ቢሆኑለት 58 ይደርሳል። የወለደች እናት እንኳ ልጇን የምትመስለው በግማሽ ነው። የአጎት ልጅማ እጅግ ሩቅ ነው። የአጎት ልጆች በሚጋቡባቸው አገሮች ከዘመድ ወገን የሚገጥም ሰው በተሻለ ሁኔታ ይገኛል፤ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ እኛ ግን ይህን በር ራሳችን ዘግተነዋል። ይህን ስል ሕጉን መንቀፌ አይደለም፤ የቅርብ ዘመድ ጋብቻ የሚያመጣቸው ሌሎች በሽታዎች አሉና። ግን እዩት፤ አጥንት ስንቆጥር የኖርነው ሕዝብ በአጥንት ነገር ከዘመድ ውጭ መለመን ግድ ሆኖብናል።

የማይገጥም መቅኔ ቢሰጥ ምን ይሆናል? ኩላሊት ሲተከል የሚፈራው ባለቤቱ እንግዳውን እንዳያባርረው ነው። በመቅኔ ግን ከዚህም የባሰ የሚፈራ ነገር አለ፤ ይኸውም እንግዳው የቤቱን ባለቤት እንዳይወጋው ነው። የገባው መቅኔ ወታደሮቹን ይዞ የሚገባ ነውና፥ የሕመምተኛውን ቆዳ፥ ጉበትና አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሊያጠቃ ይችላል። ከ1988 እስከ 2003 በአሜሪካ መዝገብ አማካይነት ዘመድ ካልሆነ ሰው መቅኔ የተቀበሉ 3,857 ሕመምተኞች ተመርምረው ውጤቱ በ2007 ታትሟል። ከ8ቱ ዋና ዋና ምልክቶች ሁሉም ከገጠሙላቸው መካከል አንድ ዓመት የቆዩት ከመቶ 52 ናቸው፤ አንዱ ሲጎድል 43፥ ሁለቱ ሲጎድሉ 33 ሆነዋል። እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። በአንዲት ምልክት መጉደል ምክንያት ከመቶ ሰው 9 ሰው ዓመቱን ሳይጨርስ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፤ አንዱ የባዕዳን ነው፥ ሁለተኛው የዘመዳሞች ነው።

በ1958 በጥቅምት ወር በዩጎዝላቪያ አገር፥ በቤልግሬድ አጠገብ ቪንቻ በተባለ ስፍራ፥ በአቶም ምርምር ጣቢያ አደጋ ደረሰ። ስድስት ወጣት ሠራተኞች ብርቱ ጨረር ስለ መታቸው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ፕሮፌሰር ዦርዥ ማቴ የተባለው ሐኪም መቅኔያቸው እየሞተ መሆኑን አይቶ በዚያን ዘመን በሰው ላይ እምብዛም ያልተሞከረ ነገር ለመሞከር ቈረጠ። የመቅኔ ሰጪ ዘመድ በአቅራቢያው አልነበረም፤ ምልክቱንም በደንብ የሚለካ ጥበብ ገና አልተገኘም። ፈረንሳውያን በጎ ፈቃደኞች ቀረቡ፤ ከእነርሱ አንዷ የልጆች እናት ነበረች፤ አንዱም ራሱ ሐኪም ነበር። ለአምስቱ ሕመምተኞች ከማያውቋቸው ሰዎች አጥንት መቅኔ ተቀድቶ ተሰጣቸው። አንዱ ሞተ፤ የቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ያዳናቸው የተሰጣቸው መቅኔ ብቻ እንዳልሆነ፥ የገዛ መቅኔያቸውም ቀስ በቀስ እንዳገገመ ይናገራሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሰጪዎቹ በጠረጴዛው ላይ ሲጋደሙ ይህን አላወቁም። እነርሱ የሚያውቁት ቋንቋቸውን የማይናገሩ፥ በሌላ ዓይነት መንግሥት ሥር የሚኖሩ ሰዎች እየሞቱ መሆናቸውን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የሆነው በ1978 በአሜሪካ፥ በፒትስበርግ ከተማ ነው። ማክፎል የተባለ ሰው መቅኔው ደም መሥራት አቁሞበት ነበር። ዘመዶቹ ሲመረመሩ በመጀመሪያው ምርመራ የሚገጥም መስሎ የተገኘው የአጎቱ ልጅ ነበር። ይህ ዘመድ ግን ምርመራውን ለመጨረስም፥ መቅኔውን ለመስጠትም እንቢ አለ። ሕመምተኛው በፍርድ ቤት ከሰሰው። ዳኛው ፍላኸርቲ የእንቢተኛው ሥራ በግብረ ገብ በኩል የማይደገፍ መሆኑን ገልጾ፥ ሕግ ግን የሰውን ገላ ለሌላ ሰው ጥቅም በግድ ሊወጋ አይችልም ሲል ፈረደ። ከዚህ ፍርድ በኋላ ማክፎል የኖረው ሁለት ሳምንት ያህል ነው።

ተማሪው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ዳኛው ስንፍና ነው እንጂ ፍርድ ነውን?» አለ። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ዳኛው ትክክል ፈርዷል። መንግሥት ከእኔ አጥንት መቅዳት ከጀመረ፥ ነገ ኩላሊቴን፥ ከነገ ወዲያ ዓይኔን ላለመቅዳቱ ምን ዋስትና አለኝ? የሰው ገላ የመጨረሻው ርስቱ ነው፤ ንጉሥም ቢሆን ሊነቅለው አይገባም። ነገር ግን ሕግ የማያስገድደው ሁሉ አይገባም ማለት አይደለም። እናቱን በበዓል ቀን ሄዶ የማይጠይቅ ልጅ የሚቀጣበት ሕግ የለም፤ ይሁንና ደግ ልጅ ነው የሚለው ሰው ማነው? ግዴታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን ፖሊስ ያስፈጽመዋል፥ ሁለተኛውን ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያየው የራሱ ፊት ያስፈጽመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ደጅ ለሚለምን ድኻ አንድ ብር ሳልሰጠው ባልፍ፥ ከኋላዬ የሚመጣው መንገደኛ ይሰጠው ይሆናል፤ የእኔ ንፍገት በሌላው ቸርነት ይሸፈናል። በመቅኔ ግን እንዲህ አይደለም። የሕመምተኛው ምልክት ከእኔ ምልክት ጋር ከገጠመ፥ በዓለሙ ሁሉ ከእኔ በቀር የሚሰጠው ሰው ላይኖር ይችላል። ባለጸጋ በገንዘቡ አይተካኝም፤ ወንድሙም በፍቅሩ አይተካኝም። እንግዲህ እኔ ሳልመርጠው፥ እርሱም ሳይመርጠኝ፥ ከእናትና ከአባት ያልመጣ አንድ ዝምድና በመካከላችን ተገኝቷል። ይህ ዝምድና ዕዳ ነው ወይስ ችሮታ? እኔ ዕዳ ነው እላለሁ። የዕዳው ምክንያትም ከእርሱ አንዳች ነገር መቀበሌ አይደለም፤ ልረዳው የምችል እኔ ብቻ መሆኔ፥ የምከፍለውም ዋጋ ከሚድነው ነፍስ ጋር ሲመዘን ቀላል መሆኑ ነው። ወንዝ የወሰደው ሰው እጁን ሲዘረጋ ዳር ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፥ ያ ሰው «ዘመዴ አይደለም» ብሎ ቢሄድ የመንደሩ ሰው ሁሉ ይፈርድበታል።

ዋጋው ቀላል ነው ስል ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። በመዝገብ ለመጻፍ የሚጠየቀው በጉንጭ ውስጥ በጥጥ መጥረግ ያህል ነው። የሚገጥም ሰው ተገኝቶ የተጠራ እንደ ሆነ ግን፥ ሰጪው ለጥቂት ቀናት የደም እናቶቹን ከአጥንት ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ ይወጋል፤ አጥንቱን ያመዋል፥ ራሱንም ያዞረዋል፤ ከዚያም ለብዙ ሰዓታት በክንዱ በኩል ደሙ በመሣሪያ ውስጥ እየዞረ ይመለስለታል። ወይም በማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌው አጥንት በመርፌ ይቀዳለታል፤ ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀናት ወገቡን ያመዋል። የተቀዳው መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይተካል። ይህን ሥቃይ ደብቆ «ምንም የለውም» የሚል ቀስቃሽ ወጣቱን ያታልለዋል፤ የተታለለ ሰውም በተጠራ ጊዜ ይሸሻል።

ስለ መሸሽ ካነሣን ዘንድ ከሁሉ የከበደው ነገር ይህ ይመስለኛል። ሰው ከመመዝገቡ በፊት እንቢ ቢል ነጻ ነው። ከተመዘገበ በኋላም ሐሳቡን ቢለውጥ በጊዜ እስከ ተናገረ ድረስ አይኮነንም። ነገር ግን ሐኪሙ በሰጪው ቃል ተማምኖ የሕመምተኛውን መቅኔ በመድኃኒት ማጥፋት ከጀመረ በኋላ ሰጪው ቢሸሽ፥ ያ ሰው በዕራቁት አጥንት ቀርቷል፤ በሽታ የሚከላከልበት አንዳች የለውም። በዚያን ጊዜም ሕግ አያስገድድም። እኔ ግን በቃሉ ሰው ጕድጓድ ውስጥ እንዲወርድ አድርጎ ገመዱን ከሚለቅ ሰው ለይቼ አላየውም። ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በጓደኞችህ ፊት ደግ ለመምሰል አትመዝገብ። ብቻህን ሆነህ አስብና፥ ስትጠራ የምትሄድ ከሆነ ተመዝገብ።

የመዝገቡ ነገር ራሱ የመጣው ከአንዲት እናት ኀዘን ነው። ሸርሊ ኖላን የተባለች ሴት ለልጇ ለአንተኒ የሚገጥም ሰው አጥታ በ1974 በሎንዶን የሰጪዎች መዝገብ አቋቋመች። ልጁ ሳይገኝለት በ1979 ሞተ፤ መዝገቡ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዛሬ በዓለም መዝገቦች ሁሉ የተጻፈው ሰው ከ40 ሚሊዮን ይበልጣል።

ይህን ያህል ሰው ከተጻፈ ችግሩ አልቋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከአውሮፓ ዘር የሆነ ነጭ ሕመምተኛ በዚያ አገር መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ሰው የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 75 ነው፤ ለጥቁር ሕዝቦች ግን እንደየወገናቸው ከ16 እስከ 19 ነው። ከዚህ ልዩነት ከፊሉ የመዝገቡ ጉድለት ነው፤ ጀርመን ብቻዋን ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስትመዘግብ፥ አፍሪካ በጠቅላላው የመዘገበችው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከፊሉ ግን ከጥንት የመጣ ነገር ነው።

ከዚያች ሻይ ቤት ጥቂት እልፍ ቢሉ፥ እዚያው አምስት ኪሎ፥ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በ1974 በአፋር አገር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የምትጠበቀው እዚያ ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ድንቅነሽ የእኛ ዓይነት ሰው አልነበረችም። የእኛ ዓይነት ሰው አጽም ግን በኦሞ ወንዝ አጠገብ በኪቢሽ ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ በ2022 የወጣ ጥናት ገልጿል። ይህን ሁሉ ወጣቶቻችን በኩራት ይናገሩታል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለውን ሁለተኛ ነገር የሚናገር አላጋጠመኝም። ሰው በአንድ ምድር ረጅም ዘመን በኖረ መጠን ዝርያው እየተለያየ፥ ምልክቱም እየበዛ ይሄዳል። ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን የሞሉት ሰዎች ከዚህ ብዛት ይዘው የሄዱት ጥቂቱን ነው። ስለዚህ የእኛ የጎረቤታሞች ምልክት፥ በሩቅ አገር ካሉ ሁለት ነጮች ምልክት ይልቅ ሊለያይ ይችላል። የሰው ዘር ጥንታዊ ቤት መሆናችን ያኰራናል፤ ሕመም በመጣ ጊዜ ግን እርስ በርስ ለመግጠም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ብዙ ሰው መመዝገብ የሚያስፈልገን በዚሁ ምክንያት ነው። ለጀርመናዊው ሕመምተኛ ጀርመናዊው ተመዝግቦለታል። ለሸዋው፥ ለጎንደሩ፥ ለወላይታውና ለሐረሩ ማን ይመዘገብለታል?

በዚህ ነገር ላይ የእኛን ወገኖች የነካ አንድ መራራ ታሪክ አለ። በጥር ወር 1996 በእስራኤል አገር አንድ ጋዜጣ፥ ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤል በደም ባንክ የሚሰጡት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበረ አወጣ። ባለሥልጣኖቹ ምክንያታችን የኤድስ በሽታ ፍርሃት ነው አሉ። በዚያው ወር ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። ሐኪም ደምን መርምሮ የታመመውን መለየቱ ሥራው ነው፤ በዚህ ማንም አያዝንም። የወገኖቻችንን ልብ የሰበረው ግን ክንዳቸውን ዘርግተው ሲሰጡ «እናመሰግናለን» እየተባሉ፥ ዞር ሲሉ መደፋቱ ነው። በ2013 በጎንደር አገር የተወለደችው የምክር ቤት አባል ጵኒና ታማኖ ሻታ በራሱ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ልትሰጥ ቀርባ፥ በትውልዷ ምክንያት እንደ ማንኛውም ሰጪ አንቀበልሽም ተብላለች፤ ይህችው ሴት በ2020 ሚኒስትር ሆነች። ይህን የማነሣው ቂም ለማሳደር አይደለም። ሰው ስጦታው ሲጣልበት እንዲህ የሚቆስል ከሆነ፥ መስጠት ማለት ለተቀባዩ ብቻ የሚጠቅም ነገር አለመሆኑን ያሳያል። «እኔም ከእናንተ አንዱ ነኝ» ማለት ነው።

«እኛማ ከዘመድ ውጭ መስጠት አልለመድንም» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ሰጪዎቹ የሕመምተኞቹ ዘመዶች ነበሩ። ደምም ቢሆን፥ የደም ባንኩ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሥር በነበረበት ዘመን፥ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ዘመድ አዝማዱን ለምኖ ደም የሚተካ ሰው ማምጣት ልማድ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ደም የሚገኘው ለማን እንደሚሰጥ ከማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ነው። ይህን ለውጥ ያመጡት በየትምህርት ቤቱና በየአደባባዩ ክንዳቸውን የዘረጉ ወጣቶች ናቸው። ደግሞም ባህላችን ዘመድን በአጥንት ብቻ የሚያውቅ አይምሰላችሁ። አባቶቻችን ባዕዱን ጡት አጥብተው የጡት ልጅ ያደርጉት ነበር፤ ጉዲፈቻ አለ፤ የክርስትና ልጅም አለ። ባዕድን በማር በተቀባ ጡት ልጅ ያደረገ ሕዝብ፥ በመቅኔ ወንድም ማድረግ የሚያቅተው አይመስለኝም።

ለተስፋ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በቅርብ ዘመን ሐኪሞች ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የቆየ መድኃኒት፥ መቅኔው ከተሰጠ ከ3 እና ከ4 ቀን በኋላ ቢሰጡት፥ ባለቤቱን ለመውጋት የተነሡትን ወታደሮች ለይቶ እንደሚያጠፋላቸው ተረድተዋል። በዚህም ምክንያት በግማሽ ብቻ የምትገጥም እናት ለልጇ መስጠት ጀምራለች፤ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ባዕድም እንዲሁ። በ2021 በታተመ አንድ ጥናት፥ እንዲህ ካለው ባዕድ መቅኔ ተቀብለው ይህን መድኃኒት ከወሰዱት 80 ሕመምተኞች መካከል ከመቶ 76 የሚሆኑት አንድ ዓመት ቆይተዋል። ከላይ ከጻፍኋቸው ከነ43 እና ከነ33 ጋር ስታስተያዩት ልብ ያሞቃል፤ የሕመምተኞቹ ዓይነትና የሕክምናው ዘመን ስለሚለያይ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። ተማሪው ይህን ሲሰማ ፈጠን ብሎ «እንግዲያው ዕዳው ቀለለልን፤ ብቸኛ ሰው መሆናችን ቀረ» አለ። በከፊል ልክ ነው። ምልክቱ ጥቂት የጎደለበት ሰው መስጠት ከቻለ፥ ሊሰጥ የሚችለው ሰው ብዙ ሆነ፤ የእያንዳንዱም ሸክም ቀለለ። ነገር ግን ሸክሙ ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው ሲሸጋገር የሚመጣውን እኛ አበሻዎች በደንብ እናውቀዋለን፤ የሁሉ የሆነ ጉዳይ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ያን ጊዜ ብቸኛው ሰው «እኔ ካልሰጠሁ ይሞታል» ይል ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ «ሌላ ይሰጠዋል» ሊል ነው። ለሞተው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

በዚያ ማታ ከመለያየታችን በፊት ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፥ ብሰጥ፥ የዳነው ሰው ማን መሆኑን ይነግሩኛል?»

ወዲያው አይነግሩትም። በብዙ አገሮች ሰጪና ተቀባይ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት እስኪያልፍ ድረስ አይተዋወቁም፤ ጭራሽ እንዳይተዋወቁ የሚከለክሉ አገሮችም አሉ። ምክንያቱም ሰጪው ዋጋ እንዳይጠይቅ፥ ተቀባዩም እንዳይሳቀቅ፥ የሞተ እንደ ሆነም ሰጪው እንዳይጸጸት ነው። ደብዳቤ መጻፍ ግን በብዙ ስፍራ ይፈቀዳል። ሕመምተኛው ይጽፋል፤ መዝገብ ቤቱ ያነበዋል፤ የሰውየውን ስም፥ የከተማውን ስም፥ አንዳንዴም የሆስፒታሉን ስም ይሰርዝበታል፤ የቀረውን ለሰጪው ይልክለታል።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ስሙን ከሰረዙት በምን ብዬ ልመልስለት?» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ጓደኛው ቀደመችኝና፥ «ወንድሜ ብለህ ጀምራ» አለችው።